ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር

መጋረጃ ሰፊዋ ሰዓት የሚባል ነገር አታይም፤ የምታየው የባሏን ክሬን ነው። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ከመስኮቱ ማዶ፣ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ፣ ገና አጥንቱ ብቻ የቆመ ሕንፃ አለ፤ ከሕንፃው በላይ ደግሞ ቢጫው ክሬን ሽቅብ ተገትሯል። ረጅሙ ክንድ ሲዞር ባሏ የግራውን እጀታ እንደገፋ ታውቃለች። መንጠቆው ሲወርድ የቀኙን እንደሳበ ታውቃለች። እኩለ ቀን ላይ ክንዱ ቀጥ ሲል ምሳ ዕቃውን ከፈተ ማለት ነው፤ ያኔ እሷም መቀሷን አስቀምጣ ትበላለች። ሌላዋ ሚስት ባሌ የት ዋለ ስትል ትውላለች፤ እሷ ባሏን ሰማይ ላይ ሰቅላ፣ ቀና ባለች ቁጥር እያየችው፣ መጋረጃዋን ትሰፋለች። ለጎረቤት ስታወራም «የኔ ባል ቢዋሽ ክሬኑ ያጋልጠዋል» እያለች ትስቅ ነበር።

ሠራተኞቹ ባሏን «ጋሽ ደመና» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣለት ምልክት ሰጪው ነው፤ መሬት ላይ ቆሞ በእጅ ሬዲዮ «ግራ፣ ቀስ፣ አውርድ» እያለ የሚመራው ሰውዬ። ምልክት ሰጪው ራሱም ከቅጽል ስም አላመለጠም፤ ድሮ ሬዲዮ ሲበላሽ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ በፉጨት ነበር ክሬን የሚያዘው፣ በዚያው «ፉጨት» ሆኖ ቀረ። ሁለቱ አብረው ነው ያረጁት፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። ጋሽ ደመና በዚህ ዓለም ላይ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያምነው ሁለት ሰው ነው፤ እሱ የማያየውን የሚያይለትን ፉጨትን፣ እና የሚጎርሰውን የምታበስልለትን ሚስቱን።

ስኳር እንዳለበት ካወቀ ቆይቷል። ጠዋት ጠዋት አንዲት ኪኒን ይውጣል፤ በዚያች ኪኒን ጭቅጭቅ የለም። ጭቅጭቁን ያመጣችው ሁለተኛዋ ኪኒን ናት። በባዶ ሆድ ሲለካ ደህና የነበረው ስኳር፣ ከምግብ በኋላ ሲለካ ሽቅብ እየወጣ ሐኪሙን አስቸገረው። «ጉዱ ያለው ሲበሉ ነው» አለና ሌላ ኪኒን ጨመረለት፤ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር አብራ የምትታኘክ። ሚስትየው አብራው ሄዳ የሐኪሙን አፍ አፉን ነበር የምታየው። የባሏ ታላቅ ወንድም በዚሁ በሽታ መጀመሪያ የእግሩን ጣት፣ ቀጥሎ እግሩን፣ በመጨረሻም ነፍሱን አጥቷል። ቁስሉን ስታጥብለት የነበረችው እሷ ናት። የዚያ ቁስል ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዋ አልወጣም፤ ባሏ ማታ ጫማውን ሲያወልቅ የወደቀ ነገር እንደምታነሳ ሆና ጎንበስ የምትለው ጣቶቹን ለማየት ነው።

ኪኒኗ ግን አመል ነበራት። ሆድ ታስጮኻለች። ጩኸት ብቻ ቢሆን በወደድን፤ ትነፋለች፣ የተነፋ ነገር ደግሞ መውጫ ይፈልጋል። ክሬኑ ላይ፣ ካቢኑ ውስጥ ብቻውን ስለሆነ ደመና ቢያጉረመርምም ሰሚ አልነበረውም። ጉዱ የፈላው አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ መሐንዲሱ ሠራተኛውን ሁሉ መሬት ላይ ሰብስቦ ስለ ጥንቃቄ ሲያስረዳ ነው። መሐንዲሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከማሽን ውስጥ ያልተለመደ ድምፅ ከሰማችሁ ችላ እንዳትሉ» ከማለቱ፣ ከጋሽ ደመና በኩል ያልተለመደ ድምፅ ተሰማ። ፎርማኑ ቀበል አድርጎ «ሰምተናል!» አለ። ያን ዕለት የሳቀውን ሰው ከመቁጠር ያልሳቀውን መቁጠር ይቀል ነበር። ፉጨት እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ታይቷል።

ጋሽ ደመና ኩሩ ሰው ነው። ማታ ቤት እንደገባ የኪኒኗን ዕቃ ከኪሱ አውጥቶ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ወረወረው።

«ሁለተኛ አልወስዳትም።»

«አንተ ሰውዬ፣ የወንድምህን እግር ረሳኸው?»

«ወንድሜን አታንሺብኝ። እሱን ስኳር ገደለው፤ እኔን ደግሞ ሰው ጥርስ ውስጥ ከትታችሁ ልትገድሉኝ ነው። የጠዋቷ ትበቃኛለች።»

«ቢያንስ ሐኪሙን እንጠይቀው…»

«በቃ አልኩሽ እኮ!»

እሱ በቃ ካለ በቃ ነው። እሷ ግን አልተወችውም፤ እጁን ሊታጠብ ሲገባ ዕቃውን ከመጣያው አወጣች፣ በጨርቅ ወለወለችው፣ ክር በምታስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ሸጎጠችው።

በማግስቱ ፋርማሲ ሄደች። ፋርማሲስቷ ነገር አዋቂ፣ ቀልደኛ ሴት ናት። መጋረጃ ሰፊዋ «ባለቤቴን ኪኒን ማኘክ ያስጠላዋል፤ ደቁሼ ምግቡ ላይ ባደርግለትስ?» ብላ ጠየቀች። እሱ ሳያውቅ የሚለውን ዋጥ አደረገችው።

«ይቻላል እናቴ። መጀመሪያ የሚጎርሰው ላይ ይሁን እንጂ። ሆዱን ካስቸገረው ከግማሽ ጀምሩለት፣ ሐኪሙንም አማክሩ፣ ቀስ እያለ ይለምደዋል።» ከዚያ ፋርማሲስቷ ቀልዷን ተወች። «አሁን የምነግርሽን ግን አደራ። ይቺ ኪኒን ሆዱ ውስጥ እንደ ዘበኛ ናት። የምግቡን ስኳር በር ላይ አቁማ ቀስ ብለህ፣ ተራ በተራ እያለች ነው የምታስገባው። የጠዋቷ ኪኒን ደግሞ አንዳንዴ ስኳሩን ከልክ በላይ ታወርደዋለች፣ በተለይ ሥራ በዝቶበት ደህና ሳይበላ ከዋለ። ላብ ላብ ካለው፣ እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ያኔ ከረሜላ ብትሰጪው፣ ስኳር በውኃ ብትበጠብጪለት ቶሎ አይደርስለትም። ዘበኛዋ ክፉ ቀንና ደግ ቀን አትለይም፤ እሱንም በር ላይ ታቆመዋለች።»

«ታዲያ ምን ይደረጋል?»

«ይሄ» አለችና ነጭ ዱቄት የያዙ ትንንሽ ፓኬቶች ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። «ግሉኮስ ነው። ይሄ የቤት ልጅ ነው፣ ሳይጠየቅ ይገባል። ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ይኑር። ንገሪው እሺ? ራሱ ማወቅ አለበት።»

«እነግረዋለሁ» አለች።

አልነገረችውም። እንዴት ብላ ትንገረው? ግሉኮስ ያዝ ካለችው ለምን ይላል፤ ለምን ካለ ኪኒኗ ትነሳለች፤ ኪኒኗ ከተነሳች ምሳ ዕቃው ይመረመራል። አንዷን ክር ከሳቧት መጋረጃው ሁሉ እንደሚተረተር ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ፓኬቶቹን ክር መሳቢያው ውስጥ፣ ከኪኒኗ ጎን አስቀመጠቻቸው። ደግሞስ እሱ ካቢኑ ውስጥ ለክፉ ቀን ያስቀመጣት የከረሜላ ጣሳ አለችው፤ ድሮ አንድ ሁለቴ ሲያንቀጠቅጠው ከእሷ በልቶ ድኗል። ጣሳዋ ትበቃዋለች አለች ለራሷ። መሳቢያውንም ገፍታ ዘጋችው።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ እንዲህ ሆነ። እሱ ጫማውን ሲያስር እሷ ኪኒኗን በሁለት ማንኪያ መሃል አድርጋ ትጨፈልቃለች። ዱቄቱን በትንሽ ስጎ ትለውሰውና ምሳ ዕቃው ውስጥ ካለው ሩዝ አናት ላይ፣ ማንኪያ መጀመሪያ በሚያርፍበት መሃሉ ላይ ታፈስሰዋለች። ራት ላይም እንደዚያው፤ ሳህኑን የምታቀርበው እሷ ናት። ከግማሽ ጀመረች። ሆዱ ለመደ። ሙሉ አደረገችው። አንድ ቀን ሆዱን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ «አየሽ? ያቺን መርዝ ከተውኩ ወዲህ ሆዴ ሰላም አገኘ» አላት። ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርቡም ከምግብ በኋላ የሚለካው ስኳር ወርዶ ተገኘ። ሐኪሙ «ኪኒኗ ሠርታለች» ሲል ጋሽ ደመና ለሚስቱ በዓይኑ ጠቀስ አደረገላት፤ ጥዬያታለሁ ብሎ ከመናገር ሐኪሙን ማሞኘቱ ጣመው። መንገድ ላይ «በየቀኑ የምወጣው የክሬኑ መሰላል ነው ያዳነኝ» እያለ ሲኩራራ እሷም አብራው ሳቀች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ ውሸት ከስንቁ ጋር ተደባልቆ ነበርና እጥፍ ቀለላት።

አንድ ማታ ግን ፊቱ ገርጥቶ ገባ።

«ዛሬ ትንሽ አንቀጠቀጠኝ» አላት ካልሲውን እያወለቀ። «ሦስት ከረሜላ በላሁ። ለወትሮው በአንዱ ይተወኝ ነበር፣ ዛሬ እጄን ቶሎ አልመለሰልኝም። ከረሜላው ያረጀ መሰለኝ፤ ጣዕም ብቻ ነው የቀረው፣ ጉልበት የለውም።»

ክር መሳቢያው ክንዷ ሥር ነበር። ሳብ ብታደርገው ያለቀ ነበር። እሱ ደግሞ ያን ዕለት ደክሞት፣ ለስልሶ፣ ምንም ብትነግረው የሚሰማ ይመስል ነበር። ሳትነግረው አነጋች። ጠዋት ወደ ሱቅ ወርዳ አዲስ ከረሜላ ገዛችለት፣ ሙሉ ከረጢት፣ በየቀለሙ። «ይሄ ትኩስ ነው» ብላ ኪሱ ውስጥ ጨመረችለት፤ እሱም ግንባሯን ሳማት።

ከዚያ የኮንክሪት ሙሌት ቀን መጣ።

ሙሌት የተጀመረ ቀን ክሬን አይቆምም። የተቦካ ኮንክሪት ቆይ ቢሉት አይቆይም፤ መኪኖቹ በር ላይ ተሰልፈው ያራግፋሉ፣ ክሬኑ በትልቅ ባልዲ እያነሳ ላይኛው ወለል ላይ ይደፋል። ኦፕሬተሩ ከካቢኑ አይወርድም። ምሳውን የሚበላው በሁለት ባልዲ መሃል በሚያገኛት ትንፋሽ ነው። ያን ቀን እኩለ ቀን ላይ መጋረጃ ሰፊዋ ክንዱ ቀጥ እንዲል ጠበቀች፤ አላለም። ቆይቶ ለአፍታ ቆመ፣ አንድ ሁለት ማንኪያ ለመጉረስ ያህል፣ ወዲያው ዞረ። «ደህና አልበላም» አለች ለራሷ። ጠርዝ መስፋቷን ቀጠለች፤ ቀጥ ብሎ አልሰፋ አላት። የጠዋቷ ኪኒን ሰውነቱ ውስጥ አለች። እሷ የደቆሰቻትም ኪኒን ሩዙ አናት ላይ ስለነበረች በሁለቱ ማንኪያ ተጠርጋ ገብታለች። ያልገባው ምግቡ ነው።

ከሰዓት በኋላ ንፋስ ተነሳ። ባሏ ለወትሮው ባልዲን የሚያዞረው የተኛ ሕፃን አልጋ ላይ እንደሚያጋድሙት ነው። አሁን ግን ክንዱ መቆም ያለበትን ቦታ አለፈው። ተመለሰ። መልሶ አለፈው። ባልዲው እየተወዛወዘ ከሕንፃው ወጣ፣ ከዋናው በር በላይ ደረሰ፣ እዚያ ቆመ።

እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ቀረ። መኪኖቹ ተሰልፈዋል፣ ምሳ ሰዓት አልፏል፣ ክሬን የማይቆምበት ቀን ነው። ክሬኑ ግን ቆሟል።

ስልኩ ጠራ። ፉጨት ነበር።

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? አይደንግጡ እሺ? ጋሼን ትንሽ እጃቸውን አንቀጠቀጣቸው። አልቧቸዋልም። ከረሜላ በልተዋል፣ ግን እስካሁን አልተዋቸውም። ‹ሚስቴን ጠይቃት፣ የኔን በሽታ የምታውቀው እሷ ናት፣ ስንት ልብላ?› ብለው ነው የላኩኝ።»

መናገር ያኔ ነበር። ሬዲዮው በፉጨት እጅ ነው፣ አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ግን ከፉጨት ኋላ የሠራተኛው ጫጫታ ይሰማታል። ያ ሁሉ ሰው የሳቀበት ባሏ አሁን ደግሞ ሚስቱ እንደ ሕፃን መድኃኒት በምግብ እየደበቀች ስታበላው ኖረች ሊባል ነው። ራሴ ይዤለት ልሩጥ፣ ማንም ሳይሰማ ይለፍ አለች በሆዷ።

«ሁለት ሦስት ይጨምር» አለች። «ይተወዋል በለው። እኔም እየመጣሁ ነው።»

ይተወዋል ያለችበትን አፏን እስከ ዛሬ ትረግመዋለች።

ፓኬቶቹን ከመሳቢያው አፈሰቻቸው፤ አንድ የክር ጥቅል አብሮ ወጥቶ በደረጃው ላይ እየተተረተረ ተከተላት። የመጀመሪያውን መንገድ ግራ ቀኝ ሳታይ ተሻገረች፤ አንድ ሾፌር ሰደባት። ሁለተኛው መንገድ ላይ መኪና በዝቶ አቆማት። ቆማ ሽቅብ አየች። ባልዲው እዚያው ነው፤ በንፋሱ ዝግ ብሎ ይወዛወዛል፣ ከሥሩ ግራጫ ጭቃ ጠብ ጠብ ይላል። የካቢኑ መስታወት ላይ ፀሐይ ስላረፈበት ውስጡ አይታይም። ባሏ የት እንዳለ ሁልጊዜ የምታውቀው ሴት ያኔ ይኑር አይኑር አላወቀችም።

የግንባታው በር ላይ ጥበቃው እጁን ዘረጋ። «ሄልሜት የሌለው ሰው አይገባም። ደግሞ ባልዲ ተንጠልጥሏል፣ አይታይዎትም?»

«የጋሽ ደመና ሚስት ነኝ!»

«የማንም ሚስት ይሁኑ። ሕግ ሕግ ነው።»

ክፉ ቀንና ደግ ቀን የማትለየው ዘበኛ ትዝ አለቻት። በጥበቃው ክንድ ሥር ሾልካ ገባች። በባልዲው ጥላ ውስጥ ስታልፍ የኮንክሪት ጠብታ ትከሻዋ ላይ አረፈ።

ፉጨት ፊቱ አመድ መስሏል። ሬዲዮውን አፉ ላይ ደቅኖ ይለምናል፤ ፎርማኑና ሠራተኞቹ ከበውታል። በየወገቡ ሬዲዮ አለ፣ ሁሉም ሬዲዮ ደግሞ አንድ ነገር ነው የሚያወራው። የጋሽ ደመና ድምፅ ከሁሉም ወገብ በአንድ ጊዜ ወጣ፤ የሰከረ ሰው ድምፅ ነበር።

«ጣሳዋን… ጨረስኳት። እሷ ይተወዋል ብላለች አይደል? እንግዲያው ልወርድ ነው።»

«ጋሼ ይቆዩ! ትንሽ ይረፉ፣ ሰው ልላክልዎ!»

«ምን ሰው ያስፈልጋል… አሁን ይተወኛል። በሩን ከፍቻለሁ።»

ሁሉም ሽቅብ አየ። የካቢኑ በር ተከፍቶ ንፋስ ያወዛውዘዋል። አንድ ቦት ጫማ ወጣ፣ አየር ላይ ሆኖ የመሰላሉን መርገጫ ፈለገ፣ አጣው፣ እንደገና ፈለገ። ሰውየው ያበደ አልነበረም። ከረሜላው በርታ የሚያደርገው መስሎት ነው የሚወርደው፤ ሚስቱ እንደዚያ ብላዋለችና።

ሬዲዮውን ከፉጨት እጅ ነጠቀችው።

«አትውረድ! እኔ ነኝ። እንዳትወርድ! ከረሜላው አይሠራም!»

«…አንቺ ነሽ? ምን አልሽ?»

«አይሠራም አልኩህ! ያቺ የጣልካት ኪኒን ናት የምታግደው። ከመጣያው አውጥቼ፣ በየቀኑ እየደቆስኩ፣ ምግብህ ውስጥ ሳበላህ ነበር። ዛሬም ሆድህ ውስጥ አለች። እሷ እያለች ከረሜላ አያድንህም። የሚያድንህን ይዤልህ መጥቻለሁ፣ ፉጨት ያመጣልሃል። እግርህን አስገባ! ቁጭ በል!»

የራሷ ድምፅ ከየወገቡ፣ ከየኪሱ፣ ከላይኛው ወለል ሳይቀር ተመልሶ ጆሮዋ ገባ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻላት ነበር። ቦት ጫማው አየር ላይ እንዳለ ቀረ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ ሬዲዮው።

«ቁጭ በል» ነው ያለችው፣ «በናትህ ቁጭ በል።»

እግሩ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ተመለሰ። ፉጨት ፓኬቶቹንና የውኃ ጠርሙስ ደረቱ ውስጥ ከትቶ መሰላሉን መውጣት ጀምሯል። ዕድሜውን ሙሉ መሬት ላይ ቆሞ ያዘዘ ሰው ነው፤ በየመሃሉ ብረቱን አቅፎ ይቆማል፣ ደግሞ ይወጣል። እሷ ሬዲዮውን ይዛ «ትሰማኛለህ?» ትላለች፤ ከላይ የሚመልስላት ትንፋሽ ነበር። ቆይቶ ትንፋሹም ጠፋ። ባልዲው ይወዛወዛል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንግዲህ ይሄ ነው፤ እግሩን አድናለሁ ስትል ራሱን ልታጣ ነው። እግዜርን ለመነችው፣ ግን ምን ብላ እንደለመነችው ለራሷም አልገባትም።

ብዙ ቆይቶ ፉጨት እያለከለከ ተናገረ። «ዓይናቸው ፈጧል፣ ግን ይውጣሉ። ግማሹን ደፉት፣ ግማሹን ጠጡ።» ከዚያ «ሌላም ጠጡ። ላቡ ቆመ መሰለኝ።» ከዚያ ድምፁ እየተቆራረጠ «አወቁኝ። ሰደቡኝ!» አለ፣ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አልለየም። ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነፈሰ። መጋረጃ ሰፊዋ ግን እዚያው የኮንክሪቱ ጠብታ ላይ ተቀመጠች።

ሁለት ሰው ወጥቶ በገመድ አስሮ አወረደው። መሬት እንደረገጠ ሰው ከቦ እንኳን ተረፉ አለው፣ ለሁሉም መለሰ። እሷ ጋ ሲደርስ ቆመ። መዳፉ ውስጥ ባዶ ፓኬት ጨብጧል። ዘርግቶ አሳያት።

«ይሄ ቤት ነበር?»

«አዎ።»

«የት?»

«ክር መሳቢያው ውስጥ።»

ራሱን ነቀነቀ፣ የሆነ የጠፋበትን ዕቃ ቦታ እንዳወቀ ሰው፣ እና ከፉጨት ጋር ወደ አምቡላንሱ ሄደ።

ካቢኑ ቀረበት። እንዲህ ያለ ሰው ከፍታ ላይ አይሠራም ተብሎ ዕቃ ክፍል ውስጥ ሄልሜትና ጓንት የሚያድል ሆነ፤ ክሬኑን አሁን የሚያዞረው ሌላ ሰው ነው። ጋሽ ደመና በሚስቱ ላይ አልተቆጣም፣ እሷን የሚያሰቃያትም ይሄው ነው። ቢጮህ፣ ሳህን ቢሰብር፣ ዘመድ ሰብስቦ ቢከስሳት ትችለው ነበር። ኪኒኗን ራሱ ይዟታል፤ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ በአንድ በኩል እሷ፣ በሌላ በኩል ግሉኮሱ። ሆዱ ሲጮህ «ደመና ነጎደ» ብሎ ሰው ሳይቀድመው ራሱ ይስቃል። ስኳሩ ደህና ነው። የእግሩ ጣቶችም ደህና ናቸው። የለመነችው ሁሉ ሆኖላታል።

አንድ እሑድ ፉጨት ዳቦ ይዞ ሊጠይቀው መጣ። የዚያን ቀን የመሰላሉን ወሬ እያነሱ ሲሳሳቁ፣ ጋሽ ደመና ኪኒኗን ከኪሱ አውጥቶ አፉ ውስጥ ጣል አደረገ፣ ከፉጨት እጅ ዳቦውን ሳያየው ቆርሶ ጎረሰ፣ ወሬውንም አላቋረጠም። እሷ ከኩሽናው በር ላይ ቆማ አየች።

ፉጨት ሲሄድ ራት አቀረበች። ሩዝ በስጎ ነው። ሳህኑን ፊቱ አስቀመጠችለት፣ ማንኪያውን በቀኙ በኩል። ጋሽ ደመና ሳህኑን ትንሽ አየውና፣ ካቢኑን ከተሰናበተ ወዲህ በየገበታው እንደሚያደርገው፣ በጣቱ ገፋ አድርጎ ወደ እሷ አስጠጋው።

«አንቺ ቅደሚ» አለ። ድምፁ ለእንግዳ እንደሚያወሩት የለሰለሰ ነበር። ከዚያ መሃሉን፣ አናቱን፣ ማንኪያ መጀመሪያ የሚያርፍበትን ቦታ ጠቆማት።

ጎረሰች። አኘከች። እስክትውጥ ድረስ ጉሮሮዋን እያየ ጠበቃት። ስትውጥ ኪኒኗን አፉ ውስጥ አደረገና ማንኪያውን ተቀበላት።